ሦስተኛው ፎቅ ላይ የነበረኝ ሱቅ

ከሰኞ ገበያ ወደ መሀል ደሴ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በተሠራች አንዲት ሱቅ ውስጥ ለብዙ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። የሠርግ ቀሚስ፣ የምርቃት ልብስ፣ የመዘምራን ጋውን ነበር ሥራዬ። ክረምት ሲገባ የቆርቆሮው ጩኸት የስፌት መኪናዬን ድምፅ ይውጠዋል፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፌ ላይ ሲቆም ክር ለመሰካት በቀን መብራት አበራለሁ። ቢሆንም ደንበኛ አጥቼ አላውቅም። ቀሚሶቼን ደጅ እሰቅላቸው ስለነበር፣ ከገጠር የመጣ ሰው ከመኪና እንደወረደ ማንንም ሳይጠይቅ ያገኘኝ ነበር።

ከጎኔ ሻሽና ሂጃብ የምትሸጥ፣ ከገራዶ ገጠር የመጣች ሴት ነበረች። እኩያዬ ናት። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ለሶላት ስትሄድ ሱቋን እኔ አይላታለሁ፣ እኔ ለጸሎት ስሄድ የኔን እሷ ታይልኛለች። «እታለም» ትለኛለች፣ እኔም መልሼ «እታለም» እላታለሁ። መንገደኛው የአንድ እናት ልጆች እንመስለው ነበር።

የቆርቆሮ ሱቆቹ እንደሚፈርሱ፣ በቦታቸውም ዘመናዊ የገበያ ማዕከል እንደሚቆም የተነገረን ስብሰባ ተጠርተን ነው። ቀድሞ የነበርነው ቅድሚያ እንደምናገኝ ቃል ተገባልን። ደስ ብሎን ተስማማን። ማንም አላስገደደንም። ይህን መናገር አለብኝ፤ በኋላ ላይ ብዙዎቻችን ተገደን የገባንበት አስመስለን ማውራት ጀምረን ነበርና።

ግንባታው እስኪያልቅ እኔና የሻሽ ነጋዴዋ ጓደኛዬ የሰው በረንዳ ተጠግተን ቆየን። የግንባታው አጥር ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። መሀሉ ክፍት ሆኖ ፀሐይ እስከ ምድር ቤት ትገባለች፤ ውስጡ ዛፍ ተተክሏል፤ ሰዎች ቦርሳ አንጠልጥለው ይንሸራሸራሉ። ጓደኛዬ አንድ ቀን ከሥዕሉ ፊት ቆማ ብዙ ካየችው በኋላ፣ «እታለም፣ ከነዚህ ሁሉ ሰዎች ጃንጥላ የያዘ የለም እኮ» አለችኝ። ሳቅን። ያኔ ነገሩን ለጨዋታ ነበር ያየነው።

ዕጣ ሲወጣ ለሷ ሁለተኛ ፎቅ ደረሳት፣ ለኔ ሦስተኛ ፎቅ። ባለቤቴ ፊቴን አይቶ፣ «ምን አስጨነቀሽ፣ ሊፍት አለው አይደል?» አለኝ። እኔም አመንኩት። የዚያኑ ሳምንት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ያለው ሰው ይምጣ ሲባል ተነሥቼ ወጣሁ። «እግዚአብሔር ከቆርቆሮ አውጥቶ መስታወት ቤት ውስጥ አስገባኝ» አልኩ። ጉባኤው እልል አለ። ከፕሮግራሙ በኋላ አንዲት በቅርቡ ያገባች ልጅ መጥታ፣ «እኛም ሱቅ እንድናገኝ ጸልዪልን» አለችኝ። እጇን ይዤ ጸለይኩላት።

ሕንፃው የተመረቀ ቀን ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሪባን ተቆረጠ፣ ሙዚቃ ተከፈተ፣ ሊፍቱም በዚያን ቀን ሠራ። ሰው ወደ ውስጥ ጎረፈ። እኔ ደግሞ ያለኝን የመጨረሻ ጥሩ ቀሚስ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቷ ላይ አልብሼ፣ ራሴም አዲስ ልብስ ለብሼ ሱቄ በር ላይ ቆምኩ። ሰዎች እየመጡ አዩኝ። ግን የሚያዩት ቀሚሱን አልነበረም፤ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የኮሪደሩን ጨለማ ነበር። ሥዕሉ ላይ ክፍት የነበረው መሀል ተዘግቷል፤ ፀሐይ ትገባበታለች በተባለው ቦታ ሌላ ሦስት ረድፍ ሱቅ ተሠርቶበታል። ዛፍ የለም። በጠራራው ቀን ኮሪደሩ ላይ መብራት ካልበራ የሰው ፊት አይለይም። ሱቆቹ ደግሞ እጅግ ጠባብ ናቸው፤ እኔና የስፌት መኪናዬ ከገባን ሦስተኛችን አሻንጉሊቷ ብቻ ናት።

አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ሱቄ በር ላይ ቆም ብለው ግራ ቀኙን አዩና፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «ይኸው ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወረዱ። የዚያን ቀን ብዙ ሰው ያንኑ ሲል ሰማሁ። ሁሉም እንደ ሽማግሌው ቀስ ብሎ አልተናገረም።

ብዙም ሳይቆይ ሕንፃው ስም ወጣለት። «ቁም ሳጥን» አሉት፣ ሱቆቹ ቁም ሳጥን ስለሚያካክሉ። የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ «ቁም ሳጥን ወራጅ አለ?» ማለት ጀመሩ። መኪና ውስጥ ያለው ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ ፈገግ እልና «ወራጅ» ለማለት ድምፄ እምቢ ይለኛል፤ ታክሲው አልፎ ይወስደኝና ወደኋላ በእግሬ እመለሳለሁ። ከተማው በሕንፃው ሲስቅ እኔ ውስጡ ነበርኩ።

ሊፍቱ ቆመ። በሩ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት፤ ወረቀቱ ቢጫ እስኪሆን ማንም አላነሣውም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበሩት ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ሱቃቸውን ጠቅልለው ዘጉ። እኔ ግን በየጠዋቱ እከፍት ነበር። ከደረጃው በኩል የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ ጨርቅ እይዛለሁ፣ ሥራ የበዛባት እንድመስል። አንድ ጊዜ ኮቴው መጥቶ ከሱቄ አጠገብ ጥግ ላይ ቆመ። ብጠብቅ ብጠብቅ የሚገባ የለም። ሳስነጥስ ሁለት ወጣቶች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ደንግጠው ተላቀቁ። «ይቅርታ እትዬ፣ ሰው ያለ አልመሰለንም» አለችኝ ልጅቷ። ለነሱ ያፈርኩ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ያፈርኩት ግን ለራሴ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሰው በፍቅር ይጠይቀኛል። «ሥራ እንዴት ነው? መስታወት ቤቱ እንዴት ነው?» ይሉኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ውሸት አልነበረም፣ እግዚአብሔር በሁሉም ይመሰገናል። ግን እነሱ የሚሰሙት ሌላ ነገር መሆኑን አውቅ ነበር። የጸለይኩላትን ልጅ ሳያት በሌላ በር መውጣት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ተከራዮች ተጠራንና ምድር ቤት ተሰበሰብን። ሰው ቅሬታውን ተናገረ፤ ጨለማውን፣ ሊፍቱን፣ የሚሸተውን መጸዳጃ ቤት። ሕንፃውን ካሠሩት ወገን የመጣው ሰው በትዕግሥት ሰማና፣ «ችግሩ የሕንፃው አይደለም፤ የኛ ሰው ፎቅ ላይ ወጥቶ መገበያየት አልለመደም» አለ። ከኋላ አንድ የጫማ ነጋዴ፣ «ጦሳን ወጥቶ የሚወርድ ሰው ደረጃ አቃተው ነው የምትሉን?» አለ። ሳቅ ሆነ፣ ሰብሳቢውም ሳቀ፤ ስብሰባው በዚያው አለቀ። ስንወጣ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ተሰድበን ስቀን ነበር የወጣነው።

ጓደኛዬ ከኔ ቀድማ ቆረጠች። ሱቋን ዘግታ ሰኞ ገበያ ወረደችና ሻሿን መንገድ ዳር ሸራ ላይ ዘረጋች። «ያው ከነበርንበት ቆርቆሮ ወደ ሸራ ወረድኩ እንጂ ሌላ ምን ሆንኩ» አለችኝ። «ነይ፣ ቦታ አለ።» እኔ ግን እንዴት ብዬ ልውረድ? መስታወት ቤት ገባሁ ብዬ ማይክ ይዤ ተናግሬአለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ እያለከለከች ደረጃውን ወጥታ መጣችብኝ። «እታለም፣ ሰዎችሽ ናቸው» አለች። «ከገራዶ በላይ ያሉት፣ የታላቅ ልጃቸውን የሠርግ ቀሚስ የሰፋሽላቸው። አሁን ደግሞ ታናሽየዋን ሊድሩ ነው። እናትየው ጉልበታቸው አልችል አለ፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠዋል።»

ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ ወረድኩ። እናትየው ጫማቸውን አውልቀው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙሽራዋ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ግድግዳውን ተጠግታለች። አባትየው በትራቸውን ይዘው ቆመዋል። አቀፍኳቸው።

«ከጠዋት ጀምሮ ስንፈልግሽ ነበር ልጄ» አሉኝ አባትየው። «ሰኞ ገበያ ብንጠይቅ ሕንፃ ገብታለች አሉን። ማሻአላህ፣ ደግ ቦታ አግኝታለች ብለን ደስ አለን።» ቀና ብለው ወደ ላይ የሚሄደውን ደረጃ አዩ። «ይኼ ነው እንዴ?»

«ይኼ ነው አባባ።»

«መብራት ጠፍቶ ነው?»

«የለም አባባ። እንዲሁ ነው።»

እኔ ሙሽራዋን ወደ ላይ ወስጄ ልለካት አልኩ። ልጅቷ ግን እናቷ ሳታይ እንደማትለካ በለሆሳስ ተናገረች። እናትየውን ደግፈን እንውሰድዎት ብንላቸው፣ «ይቅርብኝ ልጄ፣ ብወጣስ በምን እወርዳለሁ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አማራጭ አልነበረም። እዚያው ደረጃው መታጠፊያ ላይ ለመለካት ተነሣሁ። ጓደኛዬ ትልቁን ጥቁር ሻሽ ከትከሻዋ አውርዳ እንደ መጋረጃ ዘረጋችው፤ አባትየው ጀርባቸውን ሰጥተው ደረጃው ላይ ዘበኛ ሆነው ቆሙ። ከላይ ጆንያ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ሲመጡ፣ «ቆዩ፣ እዚህ ሴቶች አሉ» ሲሉ ሰማኋቸው። ሰዎቹም ጆንያውን እንደተሸከሙ ቆመው ጠበቁ። የሙሽራዋን ትከሻ፣ ወገብ፣ ክንድ ስለካ አንገቷን አላቀናችም። እኔም አላቀናሁም። ለሠርጓ ልብስ ልትለካ የመጣች ልጅ ደረጃ ላይ፣ በሻሽ ተከልላ፣ ጭነት በሚተላለፍበት።

ስጨርስ አባትየው ዞረው ፊቴን አዩ። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «እኛም ሰፈር ወፍጮ ተክለውልን ነበር። ሲመረቅ በሬ ታረደ። አንድ ቁና ሳይፈጭ እስካሁን ቆሟል።»

«አንተ ደሞ» አሉ እናትየው ጫማቸውን እያጠለቁ፣ «እሷን ከወፍጮ ጋር ምን አገናኛት?»

ሁላችንም ሳቅን፣ ሙሽራዋ ሳትቀር። እስከ በር ሸኘኋቸውና ስመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ እናትየው ተቀምጠውበት የነበረው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ደንበኛ ሲያጽናናኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የሠራሁት ክፉ ነገር የለም። ግን ሰው ሲያልፍ እንዳያየኝ ፈራሁ።

ያም ሆኖ ሱቁን አልዘጋሁም። ያስዘጋኝ ቀጥሎ የመጣው ነው።

ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ናት፤ አግብታ እዚያው ቀርታለች። ምስክርነት የሰጠሁ ዕለት እንግዳ ሆና መጥታ ጉባኤው ውስጥ ነበረች፤ የሰማችውንም ለአጥቢያዋ ሁሉ አውርታለች። የመዘምራናቸው ጋውን ሲያረጅ፣ «እህቴ ደሴ መሀል ከተማ የገበያ ማዕከል ውስጥ ናት» ብላ ዘማሪዎቹን ሴቶች አሰባሰበች። ልታስደስተኝ ብላ ሳትደውልልኝ ሚኒባስ ሞልተው የሐረጎን ዳገት ወጥተው መጡ።

የክረምት ቀን ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ጣሪያው ያፈሳል፤ ዘበኛው ባልዲ አስቀምጦበታል። መጀመሪያ የሰማሁት የእህቴን ድምፅ ነው፤ «በዚህ ነው፣ በዚህ ነው» ትላለች። ከዚያ ባልዲውን አንድ ሰው ሲመታው ሰማሁ። ስወጣ ከጨለማው ውስጥ ሴቶች የኮምቦልቻ ስስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በብርድ ክንዳቸውን አቅፈው፣ በስልክ መብራት መንገድ እየፈለጉ ይመጣሉ። እህቴ ከፊት ናት። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ገና አልጠፋም፤ ግን ከዓይኗ ወርዷል።

ሰላምታ ተሰጣጥን። አንዲት ጠና ያሉ ሴት በትከሻዬ ላይ አጮልቀው ሱቄን አዩና፣ በቅን ልብ፣ «ዕቃ ቤቱ ይኼ ነው? ሱቁ በየት ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ።

እህቴ ወለሉን ታያለች።

«ሱቁ ይኼው ነው እማማ» አልኳቸው።

«እ» አሉ ሴትዮዋ። ከዚያ ወዲያው፣ «ሥራው ነው ዋናው፣ እጅ ነው ዋናው» አሉና ክንዴን ዳበሱኝ።

ሱቁ ከሁለት ሰው በላይ ስለማይዝ አንድ በአንድ እያስገባሁ መለካት ጀመርኩ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ በስልኳ ታበራልኛለች። ውጭ የቀሩት ሴቶች ብርዱንም ጊዜውንም ለማሳለፍ ቀስ ብለው መዘመር ጀመሩ። ያ ባዶ ፎቅ ድምፁን ተቀብሎ አበዛው፤ በተዘጉት በሮች ላይ እየዞረ ይመለሳል። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ የሚል ነገር ነበር። ዘበኛው ግን ደረጃውን እየሮጠ መጣ። «ምንድነው? ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰው አለ እንዴ?» አለ፣ በሁሉም ፊት። ሴቶቹ ዝማሬውን አቋረጡ። እኔን ሲያይ፣ «አንቺ ነሽ እንዴ? እኔኮ ሁሉም የዘጋ መስሎኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

ጋውኑን አዘዙ። ምርጫቸው ሆኖ ይሁን፣ አዝነውልኝ ይሁን፣ ለእህቴ ብለው ይሁን እስካሁን አላውቅም። ሲወርዱ እህቴ ወደኋላ ቀረችና፣ «ለምን አልነገርሽኝም እትዬ?» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

ወረደች። ከዚያ ለብዙ ጊዜ አልደወለችልኝም፤ እኔም አልደወልኩላትም።

የዚያኑ ሳምንት ከባለቤቴ ጋር የስፌት መኪናዬን ይዘን ወረድን። እሱ መንገዱ ላይ ሰው ሲቀንስ እናውጣው ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ደግሜ መውጣት አልፈለግሁም። እሱ መኪናዋን ተሸከመ፣ እኔ ጨርቁን። ጓደኛዬም ሸራዋን ለሰው አደራ ብላ መጣችና አሻንጉሊቷን በትከሻዋ ተሸከመችልኝ። አላፊ አግዳሚው አሻንጉሊት ያዘለች ሴት አይቶ ሳቀ። «ሳቁ፣ ሳቁ» አለቻቸው፤ «እሷ ብቻ ናት ምንም ሳትከስር የወጣች።» ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ ተሸክማ አስገባችልኝ። በመንገድ ፊት ያለውን ክፍላችንን ለሥራ አደረግኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አስጠሩኝ። ለወጣቶች በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ ስለ ሱቁ ዳግም እንድመሰክር ፈልገው ነው። «ሱቁኮ ተዘግቷል» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። በሐዘን አዳመጡኝ፤ ከዚያ ጥቂት አስበው፣ «እንግዲያው ይህን በጉባኤ ባንናገረው ይሻላል እህቴ። የደከሙ ሰዎች ይሰናከላሉ» አሉኝ። ክፋት አልነበራቸውም። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። እሑድ ኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። የማያውቅ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ደሴ ትንሽ ናት። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም፤ እኔም ከነሱ ጋር ዝም እላለሁ። ከሱቁ መዘጋት ይልቅ ይህ ዝምታ ነው የከበደኝ።

ሕንፃው አሁንም አለ። መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ይሠራሉ፤ ላይኛው ፎቅ የሽንኩርትና የጆንያ መጋዘን ሆኗል ይባላል። የገራዶዎቹን ቀሚስ በሰዓቱ አድርሻለሁ፤ ጓደኛዬ ይዛላቸው ሄደች፣ ለሙሽራዋ ልክ ሆኖ ሠርጉም ደምቆ ማለፉን ነገረችኝ። እኔም ተጠርቼ ነበር። አልሄድኩም።

ጋውኖቹ ሊያልቁ ሲሉ እህቴ ሳትነግረኝ መጣች። ብርድ ስለማትችል ገና ከበሩ ጋቢ ሰጠኋት። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፤ መስኮቱን፣ የተሰቀሉትን ጋውኖች፣ አሻንጉሊቷን። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መርፌ እንድሰጣት ጠየቀችኝና የአንዱን ጋውን ዘርፍ ትሰፋ ጀመር። እናታችን ያስተማረችን እጅ ነው፤ አልረሳችውም።

ብዙ ከሰፋች በኋላ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሣ፣ «ስንመለስ መኪና ውስጥ ማንም ምንም አላለም» አለችኝ። «ቢያወሩ ይሻለኝ ነበር።»

«በኔ አፍረሽ ነው የጠፋሽው?»

«አዎ» አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ከዚያ ደግሞ በእህቴ ማፈሬ አሳፈረኝ፤ በምን ፊቴ ልደውል?»

ሌላ ጋውን አቀበልኳት፣ ተቀበለችኝ። ከሰዓቱን ሁሉ እንዲያ ስንሰፋ ቆየን። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት፣ ስለ እናታችን አወራን፤ ስለ ሕንፃው ደግመን አላነሣንም።

መኪና እንዳያመልጣት ጋውኖቹን በሁለት ፌስታል ተካፍለን ወደ መናኸሪያ ሸኘኋት። በሕንፃው ፊት ለፊት የሚያልፈው መንገድ አቋራጭ ነው። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ፣ እሷም ሳትጠይቀኝ፣ እኔም ሳልነግራት፣ ሁለታችንም በሩቁ መንገድ ዞርን።